ጭሱ ይውጣ፣ ጨዋታው ይቆይ

የዘመኑ ቴክኖሎጂ በቤተሰብ ኑሮና በጤና ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ ሲነሣ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው ወገን «ቴክኖሎጂ ልጆቻችንን ቀማን፣ ጤናችንን በማይታይ ጨረር በላው» ሲል ያማርራል። ሌላው ወገን ደግሞ «ሥልጣኔ ያልጣመው ወደ ኩራዝ ይመለስ» በማለት ይሳለቃል። እኛ ኑሯችን ፊዚክስ ማስተማር ስለሆነ ለሁለቱም ወገኖች የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ለክታችሁታል ወይ?» የሚል ነው። ሳይለኩ የሚፈሩት ነገር ከሚጎዳው ነገር ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምምና።

ነገሩን ከራሳችን ቤት እንጀምር። እናታችን በአንድ ወቅት ከጉና ተራራ ግርጌ ካለው የገጠር ቤታቸው ተነሥተው፣ ደብረ ታቦር በሚገኘው ቤታችን ጥቂት ሳምንታት ሊሰነብቱ መጥተው ነበር። አንድ ምሽት ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ በክፍሉ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን፤ አራታችን በየእጃችን ስልክ ይዘናል። እናታችን ስለ ገብሱ አዝመራ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ጥቂት አወጉን፤ ከእኛ በኩል የተሰማው ግን «እህ» ብቻ ነበር። ቶናው ተጠጥቶ በረካው ሲደርስ፣ «ልጆቼ፣ እኔስ ወደ ቤቴ ልመለስ፤ እዚያ እሳቱም ቢሆን ያጫውተኛል» አሉ። ቀልድ አስመስለው ተናገሩት እንጂ ቀልድ አልነበረም። እኛም አፍረን ስልካችንን አስቀመጥን።

በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው፤ ለዓመታት ያልተዋቸው ሳልና ዘወትር የሚያነባ ዓይን ነበራቸውና። ሐኪሙ አስቀድሞ የጠየቃቸው «እማማ፣ የሚያበስሉት በምንድን ነው?» ብሎ ነው። መልሳቸው «በኩበትና በባሕር ዛፍ» የሚል ሆነ። ያጫውታቸው የነበረው እሳት፣ ለካ ሳንባቸውንም ሲጎዳ ኖሯል! በእነዚህ በሁለቱ ቀናት መካከል የቆመው ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን። በእኛ አመለካከት ቴክኖሎጂ በራሱ ወዳጅም ጠላትም አይደለም። የሚጠቅመን ወይም የሚጎዳን በቤታችን ውስጥ በምናኖርበት ቦታና በምንጠቀምበት ሰዓት ነው።

የምንፈራው ጨረር

ከተማሪዎቻችን በየዓመቱ የማይቀርልን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ከመንደራችን በላይ የቆመው የስልክ ማማ ካንሰር አያመጣብንም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ የራቀ አይደለም።

እንደሚታወቀው የሬዲዮ ሞገድ፣ የስልክ ሞገድ፣ ከእሳት የሚፈልቀው ሙቀት፣ የምናየው ብርሃንና ኤክስሬይ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሁሉም ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገዶች ሲሆኑ የሚለያዩት በድግግሞሻቸው ወይም በፍሪኩዌንሲያቸው ነው። ማክስ ፕላንክ እ.ኤ.አ. በ1900፣ አልበርት አይንስታይንም በ1905 እንዳስተማሩን፣ እነዚህ ሞገዶች ጉልበታቸውን የሚያስረክቡት በትንንሽ እሽግ ነው፤ የእሽጉም መጠን ከድግግሞሹ ጋር አብሮ ያድጋል። የኤክስሬይ እሽግ ትልቅ ስለሆነ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን መንቀል ይችላል። በሕዋሳችን ውስጥ ያለውን ዘረ መል ሊያበላሽ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የእጅ ስልኮች ከሚሠሩባቸው ሞገዶች አንዱ በሴኮንድ 900 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ይምሰል እንጂ፣ የቀይ ብርሃን ድግግሞሽ ከዚህ ከ400,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ይህም ማለት አንዱ የስልክ ሞገድ እሽግ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጠን ከምናየው የፍም ብርሃን እሽግ ከአራት መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ሞገድ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ሊነቅል አይችልም፤ በርከት ብሎ ሲመጣ ማድረግ የሚችለው በጥቂቱ ማሞቅ ነው። ከዚህም ሌላ ሞገዱ ከማማው እየራቀ በሄደ ቁጥር ይሳሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል።

እርግጥ ነው፣ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 እነዚህን ሞገዶች «ምናልባት ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ» ከሚባሉት ነገሮች ምድብ አስገብቷቸዋል። ይህን ያደረገው በወቅቱ የነበረው ማስረጃ ውሱን ስለነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ጥናት ተከማችቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ሰፊ ግምገማ በእጅ ስልክ አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ዝምድና አላገኘም። ሳይንስ በሩን ዘግቶ አይተኛምና ምርምሩ ይቀጥላል። እስከዚያው ድረስ ግን ማማውን ፈርቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ ፍርሃቱን ያለ ቦታው አውሎታል ለማለት እንደፍራለን።

የማንፈራው ጭስ

አሁን ወደ እናታችን ምድጃ እንመለስ። ኩበትና እንጨት በጉልቻ መካከል ሲነዱ ሙሉ በሙሉ አይቃጠሉም፤ አየር በበቂ አያገኙምና። ያልተቃጠለው ነገር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በጭሱ ውስጥ ካሉት ብናኞች እጅግ አደገኞቹ ስፋታቸው ከአንድ ሚሊሜትር አራት መቶኛ እጅ በታች የሆኑት ናቸው፤ የአንድ ጠጉር ውፍረት ከእነዚህ ወደ ሠላሳ እጥፍ ይሆናል። በደቃቅነታቸው የተነሣ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያግዳቸው እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃሉ፣ አልፈውም ወደ ደም ይገባሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ። በአገራችን ደግሞ ከአሥር ቤቶች ዘጠኝ ያህሉ የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው።

በደቡብ ጎንደር ደጋ ነገሩ ይብሳል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሌሊቱ ብርዳም ስለሆነ ቤቱ ይዘጋል፤ ሙቀቱ እንዳይወጣ ብለን ጭሱንም አብረን እናስቀረዋለን። አየሩም በከፍታው ምክንያት ስስ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ከሩብ በላይ ያንሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ የደማችንን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ድሮውንም ኦክስጅን ባነሰበት አገር፣ ያለውን የሚነጥቅ ጋዝ ሲጨመርበት የሚያስከትለውን አንባቢ ያስተውል። ለብርድ ብሎ የከሰል ማንደጃ መኝታ ክፍል አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት ለሞት የሚዳርገው ስለዚህ ነው።

ሸክሙም በቤተሰቡ ላይ እኩል አይወድቅም። አባት ውጭ ይውላል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ነው። ጭሱ የእናት፣ የሴት ልጅና በእናቱ ጀርባ ላይ የታዘለው ሕፃን ድርሻ ነው። ስለ ማማው ጨረር በየሻይ ቤቱ የምንከራከረው ግን ባመዛኙ ወንዶች ነን። የፍርሃታችን ሚዛን የተዛባው አንድም ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሰማርተው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተዋል። በዚያ ስፍራ እሳት ተገርቶ ነበር፤ ነሐስ እስኪያቀልጥ ድረስ ጉልበቱ በማቅለጫ ምድጃ ውስጥ ተሰብስቦ ነበር። ይህ ከሆነ ከ150 ዓመት በላይ አለፈ። ከዚያው ስፍራ ብዙም በማይርቅ ጎጆ ውስጥ ግን የእናቶቻችን እሳት ዛሬም በሦስት ጉልቻ መካከል ያለ ልጓም ይነዳል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የአገራችን ሰው። ወጡን ባያጣፍጥም፣ ሳንባን እንደሚያተርፍ ግን ልንመሰክር እንችላለን።

ኤሌክትሪክ ለምን ወደ ኪሳችን ቀድሞ ገባ?

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ተማሪ «ስልክ በየገጠሩ ገብቶ ሳለ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለምን አልገባም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ በዋት ይነገራል። ስልክ ለመሙላት 10 ዋት ያህል ይበቃል፤ ይህንም ጣሪያ ላይ የተሰቀለች አንዲት አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ ትሰጣለች። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል። በአንድ ምጣድ ኃይል ከሦስት መቶ የማያንሱ ስልኮች በአንድ ጊዜ ሊሞሉ ይችላሉ ማለት ነው። ቴክኖሎጂ ወደ ቤታችን የገባው እንደ ፍላጎታችን አጣዳፊነት ሳይሆን እንደ ዋቱ ትንሽነት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ወሬው በቀላሉ ደረሰን፤ እሳቱን የሚተካው ግን ዘገየ።

በጉና ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በጉማራና በርብ ወንዞች አድርጎ ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይወርዳል። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የእኛ ዝናብ ያመነጨው ኃይል ተመልሶ የእናታችንን ምጣድ እስኪያግል ድረስ ግን መስመር መዘርጋት፣ ትራንስፎርመር መትከል፣ ምጣድ የመግዛት አቅምም ማግኘት ያስፈልጋል። እስከዚያ እጃችንን አጣጥፈን መጠበቅ የለብንም። ምርት የተባለው፣ እሳቱን ከልሎ የሚያነድ የእንጀራ ምድጃ በአገራችን ከተሠራ ብዙ ዓመታት ሆነውታል፤ የማገዶውን ፍጆታም እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ኩበቱም ከምድጃ ቢተርፍ ለገብሱና ለድንቹ ማሳ ማዳበሪያ ይሆናል።

የአገራችን ሰዓትና የሰውነታችን ሰዓት

ጭሱን ተናገርን፤ ስልኩንስ ንጹሕ ነው ብለን እንለቀዋለን? አንለቀውም። የስልኩ ጉዳት ግን ከማማው ሳይሆን ከመስታወቱ፣ በቀን ሳይሆን በሌሊት ነው የሚመጣው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ነው። ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ፣ በደብረ ታቦር የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት በላይና ከ13 ሰዓት በታች ሆኖ ይመላለሳል። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን፣ በክረምት ፀሐይ ሳናይ የምንውልባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ ያን ጊዜ ሰውነታችን መንጋቱንም መምሸቱንም መለየት አቅቶት እንደነበር አንረሳውም። የሰው አካልም እንደ አገራችን ሰዓት ፀሐይን ተከትሎ የሚቆጥር የራሱ ሰዓት አለውና። ይህ ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የገለጡት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ሰዓቱን የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። በዓይናችን ውስጥ፣ ለማየት ከሚያገለግሉት ሌላ፣ ወደ ሰማያዊ ለሚያደላ ብርሃን ይበልጥ የሚነቁ ልዩ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሲነቁ አንጎል «ነግቷል» ብሎ ሜላቶኒን የተባለውን፣ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀንን ቅመም ማመንጨቱን ይገታል። የምድጃ እሳት ግን ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ ጨረሩ ባመዛኙ የማይታይ ሙቀት ሲሆን፣ ከሚታየው ውስጥም ቀዩና ቢጫው ይበዛል፤ ሰማያዊው ኢምንት ነው። አያቶቻችን እሳት ዳር ሲያመሹ ሰውነታቸው መምሸቱን ያውቅ ነበር። የስልክ መስታወት ነጭ ብርሃን ግን ከሰማያዊ ዳዮድ የሚገኝ በመሆኑ ሰማያዊው በውስጡ ጠንካራ ነው።

የሚያስደንቀው ነገር፣ ለዚህ ለሰማያዊ ዳዮድ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል መሸለማቸው ነው። በሦስት ዓመት ልዩነት አንዱ ሽልማት ለብርሃኑ፣ ሌላው ብርሃኑ ለሚያዛባው ሰዓት ተሰጠ። ዳዮዱን ግን አንርገመው። በገጠር ቤት የኩራዝን ጭስና የቃጠሎ አደጋ ያስቀረውና ተማሪውን በፀሐይ ፋኖስ የሚያስጠናው ያው ዳዮድ ነው። ለጥናት ጠረጴዛ ላይ ሲበራ ሲሳይ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በብርድ ልብስ ውስጥ ሲበራ ሌባ ነው።

ላለማጋነን ያህል አንድ ነገር እንጨምር። የስልክ ብርሃን ከቀን ፀሐይ ጋር ሲወዳደር እጅግ ደካማ ነው። በእኛ እምነት ከብርሃኑ ይልቅ እንቅልፍን የሚነጥቀው በመስታወቱ ላይ የሚታየው ማለቂያ የሌለው ወሬና ምስል ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት እንደሚገባው የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ክፍል ገብተን በቀላ ዓይን የሚመለከቱንን ተማሪዎች ስናይ፣ ማን እንዳመሻቸው መገመት አያቅተንም።

ጨዋታው

ስለ ቤተሰብ ስንናገር በስልክ ላይ ብቻ መፍረድ ግፍ ይሆናል። በውጭ አገር ሳለን እናታችን ድምፃችንን ለመስማት ኔትወርክ ወደሚገኝበት ኮረብታ እየወጡ ይጠብቁን ነበር፤ ያ ስልክ ባይኖር ናፍቆቱን እንዴት እንደምንችለው አናውቅም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜም፣ ልጁ በዓረብ አገር ያለችበት ወላጅ ምን ያህል እንደተጨነቀ በዓይናችን አይተናል። ስልክ የራቀውን ያቀርባል። ይህ ታላቅ ጸጋ ነው።

ችግሩ የራቀውን ሲያቀርብ የቀረበውን ማራቁ ነው። ቀድሞ በቤቱ ውስጥ ብርሃኑ አንድ ስለነበረ ሁሉም ወዶም ሆነ ሳይወድ ወደ እርሱ ይሰበሰብ ነበር። ተረቱ፣ እንቆቅልሹ፣ ምክሩና ተግሣጹ በዚያ ብርሃን ዙሪያ ይተላለፍ ነበር። ዛሬ ብርሃኑ በየእጃችን ስላለ የሚሰበስበን የለም። እሳቱ ያደርግልን የነበረውን፣ ከእንግዲህ እያወቅን፣ በፈቃዳችን ልናደርገው ግድ ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ስለዚህ ተማሪዎቻችንን እንዲህ እንላቸዋለን። በመጀመሪያ ለኩ። አንድ አሮጌ ሲዲ ውሰዱ፤ ማታ የሻማን ብርሃን፣ ቀጥሎም የስልክን ነጭ ብርሃን በሲዲው ገጽ ላይ አንጸባርቃችሁ ቀለማቱን አነጻጽሩ። ፀሐይን ግን በዚህ መንገድ ከቶ አትመልከቱ። ሰማያዊው የት እንደሚደምቅ ዓይናችሁ ይነግራችኋል፤ ከእኛ ስብከት ይልቅ የራሳችሁን ምልከታ ታምናላችሁ።

ሁለተኛ፣ ለዕረፍት ወደ ቤተሰባችሁ ስትመለሱ፣ ስለ ማማው ከመጨነቃችሁ በፊት ወደ ማድ ቤቱ ግቡ። ጭሱ በየት ይወጣል? ሕፃኑ የት ነው የሚቀመጠው? የከሰል ማንደጃ መኝታ ክፍል ይገባልን? ይህን መጠየቅና ማስተካከል ለወንድ ልጅም ነውር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ስልካችሁን ከመኝታችሁ አርቃችሁ አሳድሩ። ጠዋት ግን ወጥታችሁ ፀሐይዋን ተቀበሉ፤ ለሰውነት ሰዓት ከእርሷ የተሻለ አስተካካይ የለም። ታናናሾቻችሁም በቀን ውጭ ይጫወቱ። በቻይና፣ በጓንግዡ ከተማ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ውጭ ካሳለፉት ሕፃናት በሦስት ዓመት ውስጥ የቅርብ ብቻ የማየት ችግር የያዛቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተጨመረላቸው መካከል ግን 39.5 በመቶ ነበሩ።

አራተኛ፣ ቡና ሲፈላ ስልኮች ሁሉ ከአቦል እስከ በረካ አንድ ቦታ ይቀመጡ። የሚቸኩል ሰው ቢያንስ አቦሉን በጨዋታ ይጠጣ።

እኛም ከተናገርነው ጥቂቱን አድርገናል። ለእናታችን ከመኖሪያው ተለይቶ የቆመ፣ ጭስ ማውጫና ምርት ምድጃ ያለው ማድ ቤት ሠርተንላቸዋል። ሳሉ ፈጽሞ ባይለቃቸውም ቀሎላቸዋል። እርሳቸው ወዳሉበት ስንሄድ ስልካችንን ከበሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ትተን እንገባለን፤ ይህን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

በየዓመቱ ነሐሴ ወር ላይ፣ የከተማችንን ስም የያዘው የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ ችቦ ይበራል። የችቦ እሳት ደጅ ነው የሚነደው፤ ጭሱ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ሰዉ ግን አይበተንም፣ ዙሪያውን ከብቦ ይጫወታል። ከቴክኖሎጂ የምንሻውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጭሱ ይውጣ፣ ጨዋታው ይቆይ።